የዝነኛ ሰው ወሬ ግሩፕ ውስጥ ሲገባ፦ ከማጋራት በፊት እንዴት ይጣራል?

ጥቁርና ነጭ የተደረገ የአርቲስት ፎቶ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ፣ ከላይ በቀይ «ሰበር ዜና»። እንዲህ ያለ ምስል ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግሩፑ በደቂቃዎች ውስጥ «ነፍስ ይማር» በሚሉ ኮመንቶች ይሞላል፤ ብዙው ሰውም ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ያደርገዋል። ማታ ላይ አርቲስቱ ራሱ በላይቭ ወጥቶ ደኅና መሆኑን ቢናገርም ማስተባበያው የወሬውን ሩብ ያህል አይዞርም። ስለ ዘፋኞች፣ ስለ ተዋንያንና ስለ ቲክቶከሮች ማውራት የዕለት ጨዋታችን ነው፤ ነውርም የለበትም። ሳያጣሩ ማቀበል ግን ሰው ይጎዳል። ለማጣራት ስልክና አሥር ደቂቃ ገደማ ይበቃል።

መጀመሪያ ወሬው ምን እንደሚል ለዩ

ብዙ ሰው የሚጣላው በተምኔሉ (ቪዲዮው ሳይከፈት በሚታየው ምስል) ነው እንጂ በዜናው አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ተምኔሉ «ተፋቱ!» ይላል፤ ርዕሱ ደግሞ «የሁለቱ ጉዳይ ወዴት?» ይሆናል። ውስጡ ሲታይ አንድ ተራኪ ለአሥራ ምናምን ደቂቃ የቆየ ፎቶ እያሳየ «ታማኝ ምንጮቻችን እንደነገሩን» ይላል። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ቪዲዮውን ፍጥነቱን ጨምራችሁ እለፉት፣ ዋናው ነገር የተነገረበትን ቦታ አግኙ፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ማን፣ ምን ሆነ፣ መቼ፣ ማን ተናገረ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ ማለትም ስም ያለው ሰው ወይም ተቋም ካልተገኘ፣ በእጃችሁ ያለው ገና ወሬ ነው። «የውስጥ አዋቂዎች» እና «የቅርብ ጓደኞቹ» እንደ ምንጭ አይቆጠሩም።

ከቪዲዮው በታች ያለውን መግለጫ መክፈትም አትርሱ። በሥርዓት የሚሠራ ቻናል ቃለ መጠይቁን ከየት እንዳገኘው እዚያ ይጽፋል። የሰብስክራይብ ጥሪና የስልክ ቁጥር ብቻ ካለ ሌላ ምንጭ ፈልጉ።

ምንጩን መከተል

ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ከላይ የመጣበትን ቻናል ስም ይዞ ይመጣል። ስሙን ንኩትና ወደ ዋናው ፖስት ሂዱ። ስምና ፎቶ ማንም መቅዳት ይችላል፤ ሁለት ቻናሎች አንድ ዓይነት ሊይዙት የማይችሉት ከ«አት» ምልክቱ ቀጥሎ ያለውን መለያ ስም ነው። ማጭበርበሪያው የሚደበቀውም እዚያ ነው፦ አንድ ፊደል ይደገማል፣ ከታች የሚሰመር ሰረዝ ይጨመራል፣ በላቲን ፊደል ትንሹ «ኤል» በትልቁ «አይ» ይተካል። ትክክለኛውን ለማግኘት ከአርቲስቱ ዩቲዩብ ቻናል ተነሱ። ክሊፖቹ ለዓመታት የተለቀቁበት ቻናል መግለጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሌሎች ገጾቹ ሊንክ ይኖራል፤ በዚያ በኩል የደረሳችሁበት ገጽ በፍለጋ ካገኛችሁት ይልቅ ይታመናል።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። ዋናው ፖስት ቢታረም፣ ቀደም ብሎ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አይታረምም። ቻናሉ «ስህተት ነበር» ብሎ ቢያስተካክል እንኳ በየግሩፑ የተበተነው የቀድሞው ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል። ለዚህ ነው የተላከላችሁን ከማመን ይልቅ ሁልጊዜ ወደ ዋናው ፖስት ተመልሶ ማየት የሚያስፈልገው፤ እርማት ከተደረገበት ሰዓቱ አጠገብ የመታረሙ ምልክት ይታያል።

ዋትስአፕ ምንጩን አያሳይም። ነገር ግን አምስትና ከዚያ በላይ እጅ ያለፈ መልእክት ሁለት ቀስት ይደረግበታል። ያንን ስታዩ የላከላችሁ ሰው፣ እናታችሁም ብትሆን፣ ምንጩን እንደማያውቅ ቁጠሩት።

ፌስቡክ ላይ የሚጠቅመው ስለ ገጹ የሚያብራራው ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ የገጹ ግልጽነት በሚለው ሥር ገጹ የተከፈተበት ቀን፣ ስሙን ስንት ጊዜ እንደቀየረ፣ አስተዳዳሪዎቹ በየትኛው አገር እንዳሉ ተዘርዝሮ ይገኛል። ትናንት ልብስ ይሸጥ የነበረ ገጽ ዛሬ በአንድ ድምፃዊ ስም «ይፋዊ» ሆኖ ቢመጣ፣ የስም ለውጡ እዚያው ያጋልጠዋል። ኢንስታግራም ላይም ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ስለ አካውንቱ የሚለውን ስትከፍቱ መቼ እንደተከፈተ ይነግራችኋል።

ሰማያዊ ምልክት እንደ ድሮው አይደለም። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤክስም፣ ፌስቡክና ኢንስታግራምም በወር ክፍያ ይሰጡታል። ፌስቡክና ኢንስታግራም መታወቂያ ስለሚጠይቁ በሰው ስም መነገድን ያከብዳል፤ የተጻፈው ነገር እውነት ስለመሆኑ ግን ምንም አይመሰክርም።

ቲክቶክ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ተቆርጦ የወጣ የላይቭ ንግግር በሌሎች አካውንቶች ሲዞር መጀመሪያ ማን እንደለቀቀው ይጠፋል። ከቪዲዮው ታች ያለውን የድምፁን ስም ንኩት፤ በዚያ ድምፅ የተሠሩት ቪዲዮዎች በሙሉ ይወጣሉ፣ መጀመሪያ የለቀቀውም ምልክት ተደርጎበት ከፊት ይገኛል። ከዚያ ቀኑን አንብቡ። ንግግሩ ከመሐል የተቆረጠ ከሆነ፣ ማለትም «እሱ ግን…» ብሎ የሚጀምር ወይም ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ የሚያልቅ ከሆነ፣ ረጅሙን ሳታዩ ስለ ጠቡ ፍርድ አትስጡ።

አሥር ቻናል ጻፈው ማለት አሥር ምንጭ አለው ማለት አይደለም። አንድ ያልተለመደ ሐረግ ወይም የፊደል ግድፈት ከጽሑፉ ቅዱና በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ፈልጉት። ሁሉም ያንኑ ግድፈት ይዘው ከወጡ ሁሉም ከአንድ ሰው ገልብጠዋል፤ ምንጩ አንድ ነው። በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትሞክሩ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፤ ሠራዊት፣ ሰራዊት፤ ፍለጋው እነዚህን ሁልጊዜ አንድ አያደርጋቸውም። በላቲን ፊደልም የሚጽፍ ብዙ ስለሆነ ሁለት ሦስት አጻጻፍ ሞክሩ። ማስተባበያውን ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው በሌላ ሆሄ ስለተጻፈ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

የቆየ ዜና እንደ አዲስ የሚዞርበት ዋናው መንገድ ዓመተ ምሕረቱን መተው ነው። «ጥር 12 ቀን ሆስፒታል ገባ» የሚል ጽሑፍ በየዓመቱ በጥር ወር አዲስ ይመስላል። በተጨማሪም «2017» ያለ ጽሑፍ የእኛን ይሁን የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ማየት ግድ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው።

በአሜሪካ የሚካሄዱ የሽልማት ዝግጅቶች ላይ ደግሞ ሰዓቱ ሰውን ያምታታል። ግራሚ በኒውዮርክ ሰዓት እሑድ ምሽት 8 ሰዓት ላይ ቢጀምር፣ በክረምታቸው እኛ በስምንት ሰዓት ቀዳሚ ነን፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ከመጋቢት ሁለተኛው እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያው እሑድ፣ ወሮቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፣ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያዞሩ ልዩነቱ ወደ ሰባት ይወርዳል። ሪያድ ያለ ሰው ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ ያለው በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። እንግዲህ እሑድ ቀን ላይ «ትናንት ማታ ግራሚ አሸነፈ» የሚል ፖስት አዲስ አበባ ውስጥ ካያችሁ፣ ዝግጅቱ ገና አልተጀመረም።

ፎቶ፣ ስክሪንሾትና ድምፅ

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። አንድ አርቲስት ጻፈው የተባለን ነገር በስክሪንሾት ካገኛችሁ ራሱ ገጹ ላይ ሄዳችሁ ፈልጉት። ካጣችሁት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ተሰርዟል ወይ አልተጻፈም። ሁለቱን ለመለየት ፖስቱን በወጣበት ሰዓት ያዩ ሌሎች ሰዎች በተለያየ ስልክ ያነሱትን ፈልጉ። የባትሪው መጠን፣ ሰዓቱና የላይክ ቁጥሩ የተለያየ ስክሪንሾት ከተገኘ ፖስቱ የነበረ ይመስላል። ሁሉም ሰው የሚያጋራው አንዱን ስክሪንሾት ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል።

ፎቶን ለማጣራት እንዲህ ይደረግ። ምስሉን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ የጉግል መተግበሪያን ክፈቱና ከመፈለጊያው ሳጥን አጠገብ ያለውን የካሜራ ምልክት ንኩ፤ ከጋለሪያችሁ ምስሉን ምረጡ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ፦ የመምረጫውን ማዕዘኖች ጎትታችሁ ቀዩን ጽሑፍ፣ ሻማውንና የቻናሉን ሎጎ ከውጭ አስቀሩ። ፎቶው ብቻ ሲቀር ፍለጋው ዋናውን ያገኘዋል፤ ከነሻማው ከፈለጋችሁ ግን ሌሎች የሻማ ፎቶዎችን ያመጣላችኋል። ቲንአይ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ መደርደር ስለሚችል ፎቶው መጀመሪያ መቼ እንደታየ ለማወቅ ይረዳል። ለቪዲዮ ጥርት ያለ ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሡና በዚያው መንገድ ፈልጉ።

እኛ አገር ሁለት ዓይነት ፎቶዎች ደጋግመው ያታልላሉ። አንዱ የሆስፒታል አልጋ ነው፤ ተዋናዩ ግሉኮስ ተሰክቶለት የሚታየው ከድራማ ቀረጻ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሠርግ ነው፤ ቬሎና ሱፍ የለበሱት ሁለት ተዋንያን ከፊልም፣ ከክሊፕ ወይም ከማስታወቂያ የተወሰዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱ አብረው የሠሩት ሥራ ካለ መጀመሪያ ማስታወቂያውን ተመልከቱ።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩ ምስሎች ላይ ጣትና ጆሮ ማየት የተለመደ ምክር ነው። ለእኛ ግን ከዚያ የተሻለ መለያ ከጀርባ ያለው ጽሑፍ ነው፤ ባነሩ ወይም ሱቁ ላይ ያለው የግዕዝ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ጭረት ከሆነ ምስሉ በማሽን የተሠራ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ድምፅ ላይ ደግሞ ጥብቀትን አዳምጡ። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ጽሑፍ የሚያነብ ማሽን «አለ» የሚለውን በ«ተናገረ» እና በ«ይገኛል» መካከል፣ «ገና» የሚለውን በበዓሉና በ«እስካሁን» መካከል ያምታታል። ተራኪው እንዲህ ከተሳሳተ ዜናው ውሸት ነው ማለት ባይሆንም፣ ቻናሉ ጽሑፍ ሰብስቦ በጅምላ የሚያስነብብ ስለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

የሞት ዜና

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው። የሐሰት የሞት ወሬ ዓለም አቀፍ ልማድ ሆኗል፤ ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን በሕይወት እያለ በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ «ሞቷል» ተብሎበታል። ለእኛ ደግሞ የራሱ ክብደት አለው፤ መርዶ ሥርዓት ያለው ነገር ነውና። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከሰውዬው ቤት ሄዶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ቤሩት ወይም ዋሽንግተን ያለች እህት ሥራ ቦታዋ ላይ ስልኳን ስትከፍት የወንድሟን ፎቶ ከሻማ ጋር ካየች፣ ዜናው እውነት ቢሆንም እንኳ የተደረገባት ግፍ ነው። ስለዚህ ወሬው እውነት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ቤተሰቡ ራሱ በይፋ እስኪናገር መጠበቅ ያስፈልጋል።

እውነትነቱን ለመለየት የቀብር መርሐ ግብሩን ፈልጉ። አገር ቤት ቀብር የሚፈጸመው ቶሎ፣ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ስለሆነ፣ የታወቀ ሰው ሲያርፍ ቦታውና ሰዓቱ በሰዓታት ውስጥ ይነገራል። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ፣ ሽኝቱ ሕዝብ የወጣበት ነበር፤ የተቀበረውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ሞት ቻናሎች ብቻ የሚያውቁት ምሥጢር ሆኖ አይቆይም። የቀብር ቦታ የሌለው፣ የቤተሰብ ስም የሌለው፣ «በድንገተኛ ሕመም» ብቻ የሚል ዜና አንድ ቀን ሙሉ ካለፈው የውሸት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ውጭ አገር ላረፈ ሰው ግን አስከሬን ለማምጣት ቀናት ስለሚወስድ በዚህ መለኪያ ብቻ አትፍረዱ፤ ለቅሶው የሚደረግበትን ቤት ወይም የመታሰቢያ ጸሎቱን ቦታ ጠይቁ።

የሕመም ወሬ ከገንዘብ ማሰባሰቢያ ጋር ሲመጣ ደግሞ የባንክ ቁጥሩን ከማጋራት በፊት መመርመር ግድ ይላል። በንግድ ባንክ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር ቁጥሩን ስታስገቡ፣ ገንዘቡን ከማጽደቃችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ያ ስም ከታማሚው፣ ከቤተሰቡ ወይም በይፋ ከተነገረው ኮሚቴ አባላት ጋር ካልገጠመ እዚያው አቁሙ። ጎፈንድሚ ላይ ማን እንደከፈተው፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስና መቼ እንደተከፈተ ይታያል። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ ማውጣት ስለማይቻል ውጭ የሚኖር ሰው መክፈቱ የሚጠበቅ ነው፤ ጥያቄው ያ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ተጽፏል ወይ የሚለው ነው። የባንክ ቁጥሩ ተቀይሮ የሚዞርበት ጊዜም ስላለ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከቤተሰቡ ወይም ከኮሚቴው ገጽ ቅዱ፤ ከኮመንት መስጫ ሥር አትውሰዱ።

«አንደኛ ወጣ»፣ «ታጨ»፣ «አሸነፈ»

የኩራት ዜና ሲሆን ማጣራት ይከብደናል። መለየት ያለበት ደረጃው ነው። ግራሚ ላይ ሥራው መጀመሪያ ለውድድር ይገባል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አሳታሚው ነው የሚያደርገው፣ የሚገባውም እጅግ ብዙ ነው። ከዚያ የአካዳሚው አባላት ድምፅ ሰጥተው እጩዎቹ ይወጣሉ፤ አሸናፊው በሁለተኛ ዙር ድምፅ ይለያል። «ለግራሚ ቀረበ» ማለት «ታጨ» ማለት አይደለም። ትውልደ ኢትዮጵያዊው አቤል ተስፋዬ፣ ማለትም ዘ ዊክንድ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከእጩነት ሙሉ በሙሉ ሲቀር፣ ከዚያ በኋላ አሳታሚው ሥራዎቹን እንዲያስገባ እንደማይፈቅድ መናገሩ ይህንኑ ደረጃ የሚመለከት ነበር። ወደ መድረኩ የተመለሰው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው።

ኦስካርም እንዲሁ ነው። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ እያንዳንዱ አገር አንድ ፊልም ይልካል፤ ከዚያ አጭር ዝርዝር ይወጣል፤ በመጨረሻ አምስት እጩዎች ይቀራሉ። ከኢትዮጵያ ፊልሞች ተልከዋል፤ መላክ ግን እጩነት አይደለም። በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ደግሞ ከተማው ውስጥ መታየትና በይፋዊው ምርጫ መካተት ይለያያሉ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ያ ራሱ ትልቅ ነገር ስለሆነ ተጨማሪ ማጋነን አያስፈልገውም።

ቢልቦርድ አንድ ዝርዝር አይደለም። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ አንደኛ የወጣው በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ዝርዝር ላይ ነው፤ ይህ የአሜሪካ ዋናው የዘፈኖች ዝርዝር ከሆነው ሆት 100 ይለያል። ስታወሩ የዝርዝሩን ስምና ሳምንቱን ጨምሩ።

«ዩቲዩብ ትሬንዲንግ 1ኛ» የሚለውንም እንዲሁ። ገጹ በየአገሩ የተለያየ ነበር፤ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩቲዩብ ራሱ ዘግቶታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የሚዞር ስክሪንሾት ካያችሁ ቀኑን ጠይቁ።

ግሩፕ ውስጥ ሲነገር

ያጣራችሁትን ስትጽፉ አራት ነገር በአንድ መልእክት ይግባ፦ የተባለው፣ ያለው ሰው፣ ቀኑ፣ ሊንኩ። ለምሳሌ፦ «ድምፃዊቷ ኮንሰርቱ ወደ ሚቀጥለው ቅዳሜ መዛወሩን ዛሬ ጠዋት በራሷ ፌስቡክ ገጽ ጽፋለች፤ ሊንኩ ይኸው።» ገና ያልተረጋገጠ ከሆነ «ተብሏል» ብሎ መተው በቂ አይደለም፤ ብዙ ሰው አንብቦት ያልፋል። «አዘጋጁም ሆነ እሷ እስካሁን አልተናገሩም» ብላችሁ የጎደለውን በግልጽ አስቀምጡ።

ተሳስታችሁ ከሆነ ፖስቱን በጸጥታ አታጥፉት። ለራሱ ለፖስቱ ምላሽ አድርጋችሁ «ይህ ስህተት ነው፤ ትክክለኛው…» ብላችሁ ጻፉ፣ አድሚን ከሆናችሁም ከላይ ፒን አድርጉት። ፎርዋርድ ያደረጋችሁባቸው ሌሎች ግሩፖች ካሉ እዚያም አንድ በአንድ ሂዱ፤ ከላይ እንዳልነው ቅጂዎቹ በራሳቸው አይታረሙም። ብዙ ተከታይ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብቡት። አዋጁ ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ መረጃን ይቀጣል፤ አካውንቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለውም ቅጣቱ ይከብዳል።

ሾልኮ የወጣ የግል ቪዲዮ ላይ ግን የሚጣራ ነገር የለም። «እሷ ናት ወይ?» ብሎ ለማረጋገጥ መላክም ማሰራጨት ነው። ሊንክ የጠየቀ አትስጡት፤ ግሩፑ ውስጥ የለጠፈውን ሪፖርት አድርጉና አድሚኑ እንዲያጠፋው ንገሩት። ስልካችሁ ምስሎችን በራሱ የሚያወርድ ከሆነም ከጋለሪያችሁ ሰርዙት።